የጉሽ ባሕር ደብዳቤ

ኅዳር 4፣ ረቡዕ። ቢቸና

ወንድሜ እዮብ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ የራሴ ክፍል አለኝ። ርዝመቷ ስድስት እርምጃ፣ ወርዷ አራት ነው። መስኮቷ በቡጢ ካልሆነ አይከፈትም። ቢሆንም የኔ ናት። በዚህ ቤት በር ዘግቶ መቀመጥ የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

ዛሬ ምሳ ላይ እማዬ እንደገና ጀመረች። «አባባን ማምጣት አለብን። በዚህ ብርድ ብቻቸውን አይሆንም።»

«የት ይተኛሉ?» አለ አባዬ።

እማዬ የኔን በር አየችው። እኔም ሽሮዬን አየሁ።

አባባ የእማዬ አባት ናቸው፤ መሪጌታ አካለ ወልድ። ከሞጣ ወጣ ብሎ ጉሽ ባሕር የምትባል ኩሬ አለች፤ እዚያ አፋፍ ላይ ነው የሚኖሩት። ውሃዋ እንደ ጉሽ ጠላ ፍልቅ ፍልቅ ስለምትል ነው ስሟ። ዓይናቸው እስኪደክም ቅኔ አስተማሩ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ወደ ኩሬዋ እየወረዱ ለሕሙማን ጸበል ይቀዳሉ። ማታ ማታ ደግሞ ዳዊት ይደግማሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲደግሙ እንኳ ሦስት ቤት ይሰማል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለበት ሰው እንዴት አድርጎ ከዚህ ጋር እንደሚያጠና እማዬ ትንገረኝ።

ግን እወዳቸዋለሁ። ይህ ይመዝገብልኝ።

መስከረም ላይ ማመልከቻ አጽፈውኛል። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ከድሮም ሥራችን ነው። «ጎህ ሲቀድ ጧፌን ከጉልበቴ በታች ሳወርዳት ትጠፋለች፤ ከደረቴ በላይ ይዤ ስለኩሳት ትበራለች። ነፋስ የለም። ከውሃው ዳር የተኙ ሁለት በጎች ሞተው ተገኙ፤ አጠገባቸው የቆመችው ላም ግን ደኅና ናት። እኔ ምክንያቱን አላውቅም። የሚያውቅ ካለ መጥቶ ይንገረኝ።»

«ጉዳዩ፦ የጧፍ መጥፋትን ይመለከታል» የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤት አማርኛ እንደ ጉንፋን ከአባዬ ተጋብቶብኛል።

አባዬ የሚሠራበት የውሃ ጥናት ፕሮጀክት ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን ያያል። አለቃው አቶ ዳምጤ ማመልከቻውን አንድ ወር ሙሉ ለመጣ እንግዳ ሁሉ እያነበቡ ሲስቁበት ከረሙ። በመጨረሻ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ሰማችውና አልሳቀችም። ቅዳሜ በሶናር ይለካል ተብሏል። «ሶናር የውሃ ራጅ ነው» ብለው አስረዱን አቶ ዳምጤ። ኩሬዋ የቱ ጋ እንዳመማት ግን አልነገሩንም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ። ከሞጣ ስንመለስ

እኔም ለአባባ በሶ ላደርስ ብዬ በፕሮጀክቱ መኪና ሄድኩ።

ጉሽ ባሕር ጎድጓዳ ውስጥ ናት። አፋፉ ላይ ሲቆሙ ሳሕን ውስጥ የቀረ ውሃ ትመስላለች። ወደ ታች የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ አርባ አንድ ነው። አቶ ዳምጤ ገና መኪና ውስጥ ሳሉ የጀልባ ጃኬት ለብሰው፣ ቀኑን ሙሉ ደረቅ መሬት ላይ እንደ ለበሱት ዋሉ።

መምህርት ጸደንያ ቀጭን ናት፤ ሱሪዋን ጠቅልላ የጎማ ጀልባውን በእግሯ ራሷ ነፋችው። ከጀልባው ጎን አንዲት ትንሽ ሣጥን ውሃ ውስጥ ነከረች።

«አባቴ፣ ይህች ሣጥን ድምፅ ወደ ታች ትልካለች» አለቻቸው ለአባባ። «ድምፁ ካገኘው ነገር ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። በሄደበትና በመጣበት ጊዜ መጠን ሥዕል ትሥላለች።»

«እንደ ገደል ማሚቶ።»

«ልክ እንደሱ።»

«እኔም አርባ ዓመት ተማሪ ላይ ስጮኽ ኖሬአለሁ። የተመለሰልኝ ግን ትንሽ ነው» አሉ።

አቶ ዳምጤ ከዳር ሆነው «ዓሣ ከታየ ንገሩን!» ብለው ጮኹ። መምህርቷ ዓሣም ሆዱ ውስጥ አየር ስላለው እንደሚታይ፣ ዓሣ ግን ታይቶ እንደሚሄድ፣ ከመሬት የሚወጣ አረፋ ግን እንደ ዐምድ ቆሞ እንደሚቀር ነገረችን። ጀልባዋን በገመድ አሰረችና አሥር ደቂቃ ጠበቅን። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ስክሪኑን አያለሁ። ከኩሬዋ ወለል ሦስት ነጫጭ ዐምዶች ቀጥ ብለው ወጥተዋል። አልሄዱም።

ከጀልባው ስንወርድ አባባ እጄን ያዙ። «ምን አየሽ? ንገሪኝ።»

«ሦስት ጧፍ ውሃ ውስጥ ሲነድ ይመስላል አባባ። ትልቁ በስተ ምሥራቅ ነው። እርስዎ ቆመው ከሚቀዱበት ድንጋይ ሥር።»

«አሥራ አንድ ዓመት እላዩ ላይ ቆሜ ኖሯላ» አሉ።

መምህርት ጸደንያ ከአረፋው በጠርሙስ ያዘች። «ዐምዱ መኖሩን ሣጥኗ አሳይታናለች። ምን ዓይነት ጋዝ እንደሆነ፣ ሰው ይጉዳ አይጉዳ የሚለየው ግን ላብራቶሪ ነው። ከባድ ከሆነ—»

«መምህርት፣ ውጤት በቃል አይነገርም» አሉ አቶ ዳምጤ ጃኬታቸውን እየጎተቱ። «በደብዳቤ ነው።»

ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ አባባ ዞረች። «ደብዳቤው እስኪመጣ ጧፏን ይስሟት አባቴ። ጎህ ሲቀድ ከጠፋችብዎ አይውረዱ። ሰውም አያውርዱ።»

«እሰማታለሁ» አሉ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

አባባ ቃላቸውን ጠብቀዋል። ጎረቤታቸው ዲያቆን ሐብታሙ ደውሎ ነገረን። ጧፏ ስለጠፋች ፀሐይ ሞቅ እስኪል አፋፉ ላይ ቁጭ ብለው ዳዊት ሲደግሙ ነበር፤ ሕሙማኑም አብረው እየተንቀጠቀጡ ጠበቁ። አንዳንዶቹ አጉረምርመዋል።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አባባ የሚደውሉት በሐብታሙ ስልክ ነው፤ ሁልጊዜ ድምፅ ማጉያው ላይ ተደርጎ። ስለዚህ የኛን ጨዋታ ጉሽ ባሕር በሙሉ ይሰማል።

«መልሱ መጣ?»

«አልመጣም አባባ።»

«በኤሊ ነው እንዴ የሚልኩት?»

«ኤሊማ ትደርስ ነበር። በአቶ ዳምጤ ነው።»

ሳቁ። ሐብታሙም ከኋላ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። «ሰጊ፣ ቀልዱን ተይውና፣ በሽተኛ በዚህ ብርድ አፋፍ ላይ እያቆምኩ ነው። ምክንያቱን ሳላውቅ ምን ልበላቸው? ውረዱ ወይም አትውረዱ የሚል አንድ ቃል ነው የምፈልገው። እንደመጣ አንብቢልኝ።»

አነብልዎታለሁ አልኩ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ከትምህርት ቤት ስገባ ክፍሌ ውስጥ ፍራሽ ቆሟል። አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ፤ ላስቲኩ አልተቀደደም። እማዬ ከምትሠራበት ጤና ጣቢያ ስትወጣ ገዝታ በጋሪ አስመጥታዋለች። «ለገና እናመጣቸዋለን» አለች ርዝመቱን በስንዝር እየለካች። «ጠረጴዛሽን ወደዚያ ገፋ ካደረግሽው ሁለት ሰው ይይዛል።» ማንም የጠየቀኝ የለም። እዮብ ለበዓል ሲመጣስ? ሳሎን ይተኛላ። ሁሉም ተከፋፍሎ አልቋል።

ማምሻውን አባዬ ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና እጁን ሊታጠብ ወጣ። እኔ ፊደል ካየሁ ሳላነብ ማለፍ አልችልም። የጥናቱ ውጤት ነው። ጋዙ ከአየር የከበደ፣ ሽታ የሌለው፣ ነፋስ በሌለበት ብርዳማ ሌሊት ጎድጓዳው ውስጥ እንደ ውሃ የሚተኛ ነው ይላል። ሰው ዝቅ ብሎ ከተነፈሰው ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ማንም እንዳይወርድ። «በስፍራው የሚኖሩት አገልጋይም በአስቸኳይ ወደ ሌላ መኖሪያ እንዲዛወሩ።»

ወደ ሌላ መኖሪያ። በበሩ በኩል ፍራሹ ይታየኛል።

አባዬ ተመልሶ ደረሰብኝ። «አነበብሽው? ረቂቅ ነው። ማኅተም የለውም። አቶ ዳምጤ ሳይፈርሙበት ከወጣ እንጀራዬ ነው የሚቆረጠው። አባባ ከደወሉ ‹ገና ነው› በያቸው፣ በቃ።»

«ለእማዬስ?»

«እሷ ከሰማች ዛሬውኑ ሞጣ ናት። ሁለት ቀን ነው ሰገነት። ይፈረማል።»

አባዬ ማኅተም የሌለውን ወረቀት እንደ ወረቀት አይቆጥረውም። ሰርጉ ላይም መጀመሪያ ያየው ማኅተሙን ሳይሆን አይቀርም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ቤት ብቻዬን ነበርኩ። ባዮሎጂ እያጠናሁ ነው። ስልኩ ጮኸ።

«ዛሬም ገና ነው እንዳትዪኝ» አሉ አባባ። «አንዲት እናት የምታቃስት ልጅ አዝላ ከየጥኖራ መጥታለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ አፋፍ ላይ ተቀምጣ አደረች። እኔ እንደ ዘበኛ አትወርጂም እላታለሁ። በምን ሥልጣኔ?»

ገና ነው ልል ነው አፌን የከፈትኩት።

«መጥቷል» አልኩ።

«እህ! አንብቢያ!»

የባዮሎጂ ደብተሬን አነሣሁ። ባዶ እጄን ማንበብ አልቻልኩም። «ቁጥር 114/17። ለመሪጌታ አካለ ወልድ፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ የጥናት ውጤት ስለማሳወቅ። ከላይ በርዕሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ በጉሽ ባሕር ላይ በተደረገው የሶናር ጥናት የታየው አረፋ የተለመደና ለሰው ጤና የማያሰጋ መሆኑን እየገለጽን፣ አገልግሎትዎን እንደ ወትሮው እንዲቀጥሉ በአክብሮት እናሳስባለን።»

የሐብታሙ ዶሮዎች ይሰሙኛል።

«ጧፌንስ? ምን ያጠፋታል ይላል?»

ገጽ ገለጥኩ። ድምፁ እንዲሰማቸው ጠንከር አድርጌ ነው የገለጥኩት። «የጧፏ መጥፋት ከስፍራው እርጥበት ጋር የተያያዘ ነው ይላል።»

«እርጥበት።»

«አዎ አባባ። እርጥበት።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው። ክብ ነው፤ ሐምራዊ።»

ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «ጥሩ ጸሐፊ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደብኝም። እግዜር ይስጠው በይልኝ።» ከዚያ ከስልኩ ራቅ ብለው «በሏት፣ ነገ ትወርዳለች! ልጇን ይዛ ትውረድ!» ሲሉ ሰማሁ።

እውነቱን ልጻፍ ካልኩ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው ጽሑፌን ያመሰገኑት።

ደግሞስ ሁለት ቀን ነው። ሽማግሌ በስጋት ይታመማል። አባዬም አትንገሪያቸው ብሏል።

ኅዳር 27፣ አርብ

እራት ላይ እማዬ፦ «አባባ ደውለውልኝ ነበር። ምንም የለበትም ተብያለሁ አሉኝ። ደብዳቤ መጣ እንዴ?»

የአባዬ ጉርሻ አየር ላይ ቆመ። አየኝ። «ነገሩ... ገና ነው» አለ።

«ተመስገን፣ እንኳን ደኅና ሆነ» አለች እማዬ፤ የሰማችው መስማት የፈለገችውን ነው። «እንዲያ ከሆነ ለገና አላስቸኩላቸውም። ለፋሲካ ይምጡ።» ፍራሹን ወደ ሳሎን አወጣችው።

ግቢ ውስጥ አባዬ ያዘኝ። «ምን አልሻቸው?»

«ገና ነው አልኳቸው። እሳቸው ናቸው በራሳቸው የተረጎሙት። ቅኔ መምህር አይደሉ?»

ጢሙን ደባበሰ። አባዬ አንድን ነገር ማመን ሲፈልግ ጢሙን ይደባብሳል።

ዛሬ ነፋስ አለ። የጎረቤት ቆርቆሮ ሲንኳኳ አደረ። እንዲሁ ነው የምጽፈው።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

ሁለት ቀኑ አሥር ቀን ሆነ። አቶ ዳምጤ ባሕር ዳር ስብሰባ ናቸው። ማኅተሙ ካዝና ውስጥ ነው። የካዝናው ቁልፍ መዝገብ ቤት የምትሠራዋ ሴት ጋ ነው። ሴትዮዋ ወልዳለች። ቁልፉ በስህተት ባሏ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። ባሏ አዴት ሄዷል። አባዬ ይህን ሲነግረኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ነፋስ፦ ትንሽ።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

እኔው ደወልኩ። ሐብታሙ ነው ያነሣው።

«ኧረ ሰው ደስ ብሎታል!» አለ። «ደብዳቤው ከመጣ ወዲህ እንደ ድሮው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወረዳል። ቀድመው እሳቸው ይወርዳሉ፣ ሲጠሩን እንወርዳለን። ጧፏ ብትጠፋም አይመለሱም። ‹እርጥበት ነው› ይላሉ።»

«ደኅና ናቸው?»

«አንዳንዴ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ትናንት ውሃ ሲቀዱ ተንበርክከው ቀሩና ደግፌ አወጣኋቸው። ጾሙ ነው ይላሉ።»

ስልኩን ስጣቸው አልኩት።

«ምነው ድምፅሽ?» አሉኝ አባባ ገና አቤት ስል።

«ጉንፋን ነው።»

«በይ አንቺንም እርጥበት አግኝቶሻል!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ምን ላድርግ? ድምፅ ማጉያው ላይ ነኝ። ሐብታሙ አለ፣ ሕሙማኑ አሉ። «አባባ፣ ብርድ ነውና ፀሐይ ሲወጣ ቢወርዱስ?» አልኳቸው። «የታመመ ሰው ከኔ ብርድ ይበልጣል» አሉኝ።

ነፋስ፦ የለም።

ታኅሣሥ 11፣ አርብ

የለም። የትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ እንደ እርጥብ ጨርቅ ዘንጉ ላይ ተጣብቆ ዋለ። የአማርኛ መምህሩ ምን እንደማይ ጠየቀኝ። አገሬን ነው አልኩት። ክፍሉ ሳቀ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ

ወስኛለሁ። ቅዳሜ እማዬ ወደ ሞጣ ትሄዳለች፤ አብሬያት እሄዳለሁ። ፊት ለፊት ነው የምነግራቸው። በድምፅ ማጉያ «ዋሽቼ ነበር» አይባልም። ይቆጣሉ፤ ከዚያ በግእዝ ይሰድቡኛል፤ ከዚያ ስድቡን ይተረጉሙልኛል፤ ከዚያ ያልፋል። ፈተና እስከ አርብ ነው። አምስት ቀን።

ለአባዬ ዛሬ ልነግረው ወደ በሩ ሄድኩ። ወረቀት እያየ ነበር። ቀና ብሎ «ቁልፉ ተገኘ» አለኝ እየተደሰተ። «አቶ ዳምጤ ሐሙስ ይፈርማሉ።» እንግዲያው አልኩና ተመለስኩ።

ነፋስ፦ የለም። ቅጠል አይነቃነቅም። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ አለ።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ሐብታሙ ደወለ። አንድ ሰዓት ከሩብ።

እማዬ ነጠላዋን ሳትይዝ ወጣች።

እኔን ፈተናሽን ተፈተኚ አሉኝ። ሄድኩ። ተቀመጥኩ። ስሜን ጻፍኩ።

ስምንት ሰዓት ላይ አባዬ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ

አርብ ተቀበሩ፤ በአፋፉ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን። የቅኔ ተማሪዎቻቸው ከየአገሩ መጥተው ነበር፤ ራሳቸው ሸብተዋል። እየተቀባበሉ ቅኔ ዘረፉላቸው። ግእዙን አልሰማሁትም፤ ሁልጊዜ የሚተረጉሙልኝ እሳቸው ነበሩ።

ሐብታሙ ያየውን እንዳለ ነገረን። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ወትሮው ቀድመው ወረዱ። ሰባት ሕሙማን አፋፉ ላይ ሆነው ጥሪያቸውን ይጠብቃሉ። ከየጥኖራ የመጣችው እናትም አለች፤ ልጇን ታቅፋለች። ጧፏ ደረጃው አጋማሽ ላይ ጠፋች። አባባ አልቆሙም። ጣሳው ውሃውን ሲነካ ተሰማ። ከዚያ ምንም። ጠበቁ። «መሪጌታ!» ብለው ተጣሩ። ሐብታሙ ሮጦ ወረደ፤ ከውሃው ዳር ተደፍተው አያቸው፤ ጎንበስ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ በእጁ እየዳኸ ደረጃውን ወጣ። ሁለት ጊዜ ሞከረ። ሁለቴም አልቻለም። ነፋስ የተነሣው ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም አፋፉ ላይ ሆነው ከላይ ያዩአቸው ነበር።

ሐብታሙ ይህን ሲነግረን እጁን ያሻሽ ነበር። «ባልወጣ ኖሮ ልደርስባቸው እችል ነበር» ይላል። እማዬ «የለም ልጄ፣ አንተ ምንም አላጠፋህም» ትለዋለች። ደጋግማ ትለዋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጫለሁ።

ታኅሣሥ 25፣ አርብ

ድንኳኑ አልተነሣም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። አቶ ዳምጤም መጡ። ደብዳቤው ተፈርሟል፤ ማኅተሙም ተመቷል። የተፈረመው ሐሙስ ነው፤ በዚያው ሐሙስ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ። እማዬ አነበበችው። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሌላኛውስ?» አለች።

«የትኛው ሌላ?» አሉ አቶ ዳምጤ።

ሐብታሙ ከወንበሩ ተነሣ። «እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አያሰጋም የሚል፣ አገልግሎትዎን ይቀጥሉ የሚል ደብዳቤ ከዚህ ቤት ተነብቦላቸዋል። ቁጥር ሳይቀር ነበረው። ቁጥሩ ሲጠራ ሰምቻለሁ።»

ሐብታሙ ወደ እኔ አላየም፤ ያየው አባዬን ነው። ልጅ የተሰጣትን ነው የምታነበው።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳየኝ አላውቅም። ጢሙን አልነካም።

«እኔ ነኝ» አለ። «ረቂቁን አሳጥሬ እንድታነብላቸው የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይሸበር ብዬ ነው።»

እማዬ ከጎኑ ተነሥታ ከሴቶቹ ጋር ሄዳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ አላናገረችውም። ወጥ ታወጣለታለች፤ ሳሕኑን ታስቀምጥና ትሄዳለች።

ዛሬ ስድስት ጊዜ ልናገር ተነሣሁ። ስድስቱንም ጊዜ ውሃ አምጪ ተባልኩ።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ገና አለፈ። አልተከበረም። አባዬ ከሥራ ታግዷል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ሸሚዙን ይለብስና ሳሎን ይቀመጣል። ዛሬ ብቻችንን ስንሆን «አባዬ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

«አትነግሪያቸውም። እናትሽ አባቷን ማጣቷ አንሷት ነው ልጇንም የምታጣው? እኔን ትተወኝ። እኔ ባል ነኝ፤ ባልን ይቀየሙታል፣ ይታረቁታል።»

«እስር ቢሆንስ?»

«እኔስ ወረቀቱ በቦርሳዬ አልነበረም? ምንም የለበትም ተባልኩ ስትል ሰምቼ ዝም አላልኩም? እኔም ንጹሕ አይደለሁም። አንቺ አጥኚ።»

ክፍሌ ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ዝም ይላል። ጎረቤትም ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ አንዲት ገጽ አላጠናሁም።

ጥር 6፣ ማክሰኞ

አጣሪ ኮሚቴው ዛሬ ፕሮጀክቱ ቢሮ ተቀመጠ፤ ሦስት ሰዎች፤ አንዷ መምህርት ጸደንያ ናት። እማዬ ለምስክርነት ተጠርታ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እኔ ትምህርት ቤት ነኝ ተብሎ ይታመናል። በጓሮ በኩል ነው የገባሁት።

በሩ ገርበብ ብሏል። የአቶ ዳምጤ ድምፅ ይሰማል። «ከእኛ የወጣው ደብዳቤ አደጋውን በግልጽ ያስቀምጣል። ያዛባው አቶ የኔሰው ነው።»

«ያምናሉ?» አለ ሰብሳቢው።

«አምናለሁ» አለ አባዬ።

ገባሁ። ሳላንኳኳ ነው የገባሁት።

«ሰገነት! ውጪ!» አባዬ ጮኾብኝ አያውቅም።

«ያዛባው የለም» አልኩ። «የተዛባ ደብዳቤም የለም። እኔ ነኝ ከራሴ የፈጠርኩት። የባዮሎጂ ደብተር ይዤ ነው ያነበብኩላቸው። አባዬ ገና ነው በያቸው ነው ያለኝ።»

ሰብሳቢው ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ። «በጽሑፍ አድርጊው።»

ቁጭ አልኩ። እጄ ልማዱ ሆኖ «ጉዳዩ፦» ብሎ ጻፈ። ሰረዝኩት። ቃል ጠፍቶኝ አያውቅም፤ ዛሬ እንኳ ቃል ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ግን የዚያ ደብዳቤ ቃል ነው። ሲቆይ ይህን ጻፍኩ፦

«አያቴ ልውረድ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን አንብቤው ነበር። ይውረዱ አልኳቸው። ሰገነት የኔሰው።»

አቶ ዳምጤ ወረቀቱን አዩት። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ለምን?» አለችኝ መምህርት ጸደንያ። በቁጣ አልነበረም። ማወቅ ስለፈለገች ነው።

ሰው ሁሉ እስኪሰለቸው ድረስ ዝም አልኩ። እዚህም አልጽፈውም።

ስወጣ እማዬ ከወንበሩ ተነሥታ በሩ ሥር ቆማለች። ሁሉን ሰምታለች። ፊቷን ለማየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ ወጣች። አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሆኜ ተከተልኳት። ቀርበሽ ሂጂ አላለችኝም፤ አትከተዪኝም አላለችኝም።

አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አስቆመችና ገባች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ዞሮ አያት። «እንሂድ እናቴ?»

እኔ ገና አልደረስኩም። ልሩጥ ወይስ ልቁም አላወቅሁም።

«ቆይ» አለችው። «ልጅ አለችኝ።»

ወደ እኔ ግን አልዞረችም። ገብቼ አጠገቧ ስቀመጥም፣ ቤት እስክንደርስ፣ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር።